ልጆቻችንን የምናስተምረው መትከልን ነው ወይስ መጠበቅን?



ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ የመነጨው ከአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ጥያቄ ነው። ልጁ የእኔው ልጅ ነው፤ የምንኖረውም በነቀምት ከተማ በከኒሳ ቀሴ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ካቻምና በሰኔ ወር፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በክፍሉ ያሉ ልጆች በሙሉ በግቢው ውስጥ አንድ አንድ ችግኝ ተከሉ። የየልጁ ስም በካርቶን ላይ ተጽፎ ከችግኙ አጠገብ ቆመ። እንግዶች ተጋብዘው ንግግር አደረጉ፤ ፎቶግራፍም ተነሱ። ልጄ ያንን ክረምት «ዛፌ» እያለ ሲያወራ ከረመ። ዝናብ በጣለ ቁጥር «አሁን እየጠጣ ነው» ይል ነበር። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት መጀመሪያ ሮጦ ያየው ክፍሉን ሳይሆን ችግኙን ነው። ችግኙ ነበር፤ እንዲያውም ሁለት አዲስ ቅጠል አውጥቶ ጠበቀው።

አምና በጥር ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቦርሳውን እንኳ ከጀርባው ሳያወርድ «አባ፣ ዛፌ ደረቀ» አለኝ። እኔም «አይዞህ፣ ሌላ ትተክላለህ» ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሰኔ ላይ እንደገና ለችግኝ ተከላ እንዲዘጋጁ ተነገራቸው። ልጄ ግን እንደ በፊቱ ደስ አላለውም። «አባ፣ ጉድጓዱ እኮ ያው የድሮው ጉድጓድ ነው። ይሄኛውንስ ማን ውሃ ያጠጣዋል?» ሲል ጠየቀኝ።

መልስ አልነበረኝም። ይህንን የምጽፈው ትምህርት ቤቱን ለመውቀስ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። በተከላው ዕለት ከወላጆች ጋር ቆሜ ያጨበጨብኩት እኔም ነኝ። ከዚያ ቀን እስከ ጥር ድረስ ግን አንድ ቀን እንኳ ሄጄ «ይህ ችግኝ እንዴት ሆነ?» ብዬ አልጠየቅኩም። ስለዚህ ወቀሳው ከራሴ ይጀምራል።

ለመሆኑ ይህ ልጅ በእነዚያ ወራት ስለ አካባቢ ጥበቃ ምን ተማረ? ከመጽሐፉ ዛፍ አየርን እንደሚያጠራና አፈርን እንደሚይዝ ተምሯል። ከእኛ ከትልልቆቹ ግን ሌላ ትምህርት ቀስሟል። ዛፍ የሚተከለው ለአንድ ቀን ክብር መሆኑን፣ ትልቅ ሰው በሰው ፊት የተናገረው ነገር ሰው ሲበተን አብሮ እንደሚበተን ተምሯል። ልጅ ደግሞ ሁለት ትምህርት ሲጋጭበት የሚይዘው በዓይኑ ያየውን ነው። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሕፃናትን ስለ አካባቢ እንክብካቤ ማስተማር ማለት ምን ማለት ነው? ግዴታውስ የማን ነው?

አንዳንድ አንባቢ «በወለጋ ደግሞ ስለ ዛፍ ማስተማር ምን ያስፈልጋል? አገሩ ራሱ ዛፍ አይደለም ወይ?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ተጉዞ ነቀምት የሚደርስ ሰው ዓይኑ በአረንጓዴ ይሞላል። የሰፈራችን ስም እንኳ ዛፍ ያዘለ ነው። በከኒሳ በኦሮምኛ ብሳና ማለት ነው። ብሳናን የወለጋ ገበሬ ከማሳው ውስጥ ነቅሎ አይጥለውም። ቅጠሉ እየረገፈ መሬቱን ያለማለታል፤ አበባውን ንብ ትቀስመዋለች፤ ለቡናም ጥላ ይሆናል። ከዚህ አካባቢ የሚወጣው ቡና ደግሞ በዓለም ገበያ «ለቀምት» ተብሎ የሚጠራው በከተማችን ስም ነው። ታዲያ በከኒሳ ቀሴ ከሚያድጉት ልጆች ውስጥ ብሳናን ከሌላ ዛፍ ለይቶ በጣቱ የሚያሳይ ስንት ይገኝ ይሆን? ጠይቃችሁ እዩ። የእኔው ልጅ አያውቀውም ነበር። በአዲስ አበባ ሾላ ገበያ፣ በአዊ ኮሶ በር የሚያድጉት ልጆችም ከዚህ የተሻሉ አይመስለኝም። ዛፉ ከዓይን ሲጠፋ ስሙ ብቻ በታፔላ ላይ ይቀራል።

አረንጓዴ አገር ምን ጊዜም አረንጓዴ ሆኖ እንደማይቀር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎረቤትን መጠየቅ ይበቃል። በ1977ቱ ድርቅ ምክንያት በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነስቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በጎጃም እንዲሰፍር ተደርጓል። ከእነዚያ ሰፋሪዎች ብዙዎቹ ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። ምንጭ ሲነጥፍ፣ አፈር በጎርፍ ታጥቦ ድንጋይ ብቻ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ያውቁታል። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ የተነሱ ሰፋሪዎች በዴዴሳ ሸለቆ በጨዋቃ ሰፍረዋል። ቦታው ቀድሞ ጫካ ነበር። እነዚህ ወገኖች መኖር ነበረባቸውና ቤት ለመሥራትም ሆነ ለማረስ ጫካ መንጥረዋል። የቀድሞው ነዋሪም ቢሆን እርሻውን ለማስፋት፣ ማገዶና ከሰል ለማግኘት ሲመነጥር ኖሯል። ማንም በማንም ላይ ጣቱን የሚቀስርበት ጉዳይ አይደለም። ከዚህ የምንይዘው ትምህርት አንድ ነው፤ ከተራቆተ አገር የመጣ ሰው ሁሉ አገሩ አንድ ወቅት ለምለም እንደነበር ከአያቱ ሰምቶ ያደገ ነው።

ታዲያ የጎደለን እውቀት ነው? አይመስለኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የአካባቢ ሳይንስ የሚባል ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል። የዚያን ጊዜ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ ዛሬ ራሱ የልጆች አባት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ለማንኛውም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ሲሰጥ፣ በአንቀጽ 92 መንግሥትም ዜጎችም አካባቢያቸውን የመንከባከብ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ስስ የፕላስቲክ ከረጢት፣ እኛ ፌስታል የምንለው፣ በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ተከልክሎ ነበር። አዋጁ ከወጣ በኋላም ፌስታሉ በየቱቦውና በየአጥሩ ላይ ሲውለበለብ ኖረ፤ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ክልከላውን የሚያጠብቅ ሌላ አዋጅ እስኪያወጣ ድረስ። እንግዲህ ትምህርቱም አለ፣ ሕጉም አለ። የአካባቢ ሳይንስን ተምሮ በጥሩ ነጥብ ያለፈው ትውልድ ነው ዛሬ ከአውቶቡስ መስኮት የውሃ ሃይላንድ የሚወረውረው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

በእኔ እምነት ስህተቱ የሚጀምረው ግዴታውን ለማይሸከመው ሰው ከማሸከማችን ነው። በየስብሰባው «ነገ የልጆች ነው፤ ምድርን የሚያድኗት እነሱ ናቸው» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ያምራል። ቀረብ ብለን ስናየው ግን ትልልቆቹ ያጠፋነውን ሒሳብ ለትንንሾቹ ማስተላለፍ ነው። ደኑን የቆረጠው ሕፃን አይደለም። ፋብሪካውን የተከለው፣ ቆሻሻውን ወንዝ ውስጥ የደፋው ሕፃን አይደለም። በዲናችን ልጅ አቅመ አዳም እስኪደርስ ብዕር ተነስቶለታል፤ ጥፋት አይጻፍበትም። አላህ (ሱ.ወ.) ያላሸከመውን ሸክም እኛ እንዴት እናሸክመዋለን? ከዚህም አልፎ «ምድር ልትጠፋ ነው፣ ሙቀቱ ሊፈጀን ነው» እያሉ ሕፃናትን የሚያስፈራሩ አሉ። የሚያደርገው ነገር ሳይኖረው የፈራ ልጅ ወይ ይጨነቃል፣ ወይ ነገሩን ከናካቴው ይተወዋል። ሁለቱም ዛፍ አያጸድቁም።

ይህ ማለት ግን «ልጅ ነውና ይተው» ማለት አይደለም። ሶላትን እናስታውስ። ልጅ በሰባት ዓመቱ እንዲሰግድ እንድናዝዘው ተነግሮናል፤ ግዴታ የሚሆንበት ግን በኋላ ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት ለምን ተሰጡ? እንዲለምደው ነው። ግዴታው ሲመጣ እጅና እግሩ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ሆኖ እንዲያገኘው ነው። ልጁ የሚለምደውም አባቱ ሲሰግድ አጠገቡ ቆሞ እንጂ አባቱ ተኝቶ «ሂድ ስገድ» ስላለው አይደለም። የአካባቢ እንክብካቤም ከዚህ የተለየ መንገድ ያለው አይመስለኝም። ለልጅ የምንሰጠው ልማድን ነው፤ ግዴታው በእኛ ላይ ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። «መትከል በራሱ ኸይር ሥራ ነው። ቂያማ ሲቆም እንኳ በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክላት የተነገረ አይደለም ወይ? ጸደቀ አልጸደቀ ምን አገባን? ሥራ በኒያ ነው» የሚሉ ይኖራሉ። ሐዲሱ ትልቅ ሐዲስ ነው፤ ተስፋ መቁረጥን ከሥሩ የሚነቅል ነው። ነገር ግን ልብ እንበል። ያ ሰው ውሃ የሚያጠጣበት ነገ የለውም። ያለችውን የመጨረሻ ጊዜ ለመልካም ሥራ አዋላት፤ ከዚያ በላይ አይጠየቅም። እኛ ግን ነገ አለን። ከነገ ወዲያም አለን። ኅዳር አለን፣ ታኅሣሥ አለን፣ ጥር አለን። ነገ ያለው ሰው ነገ እንደሌለው ሰው ተክሎ ከሄደ ሐዲሱን አልሠራበትም፤ ተሸሸገበት እንጂ። ችግኝ መትከል ቃል መግባት ነው። ቃል ገብቶ መተው ደግሞ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን።

ለዚህ ነው ነገሩን ከባድ አድርጌ የማየው። ችግኙ ሲደርቅ የጠፋው ዛፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ መትከል ይቻል ነበር። የጠፋው የልጁ እምነት ነው። በስሙ የተተከለ፣ ስሙ የተጻፈበት ነገር ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ሲደርቅ ያየ ልጅ፣ ሌላ ጊዜ ስለ አማና ስንነግረው በምን ጆሮው ይሰማናል?

እስቲ አሁን የወለጋን ሰማይና የትምህርት ቤትን ካሌንደር አስተያዩ። የወለጋ ዝናብ ግንቦት አካባቢ ይበረታና እስከ መስከረም ይዘልቃል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ በሰኔ ማለቂያ ነው። ልጁ ተክሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ችግኙን የሚያጠጣው አላህ ነው፤ የማንም እርዳታ አያስፈልገውም። መስከረም ላይ ልጁ ሲመለስ ዝናቡ ሊሄድ ይሰናዳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት፣ ችግኙ ሰው በሚፈልግበት ጊዜ፣ ልጆቹ በየቀኑ እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው! ትምህርት ቤት ለመትከል ከሚመቸው ይልቅ ለመጠበቅ ይመቻል። እኛ ግን የመትከያውን ቀን በዓል አድርገን፣ የማጠጫውን አራት ወር ረሳነው።

ይህ የአንድ ሰፈር ነገር ብቻ አይደለም። አገር አቀፉ የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ሕዝቡ ለአንድ ጉዳይ በአንድ ቀን መውጣቱ በራሱ የሚናቅ አይደለም። ቢሆንም በየዓመቱ በጆሯችን የሚደጋገመው የተተከለው ቁጥር ነው። በየዓመቱ በየካቲት ወር በየትምህርት ቤቱ «ከተከልነው ስንቱ አለ?» ተብሎ ቢቆጠርስ? ለአንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ከዚህ የተሻለ የሒሳብ ትምህርት ከየት ይገኛል? ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሲገኝም ማፈር የለብንም። እውነተኛ ቁጥር ለልጅ ፊት ለፊት መንገር ራሱ ትምህርት ነው።

የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው በመናገሻ እንዳስተከሉ ይነገራል። ደኑ መናገሻ ሱባ ተብሎ ዛሬ ድረስ የቆየው በአንድ ቀን ስለተተከለ አይደለም፤ በተከታታይ ትውልድ ጠባቂ ስለነበረው ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ አገሩን የወረሰው በሌላ ምክንያት ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ከብት አይበላውም፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ብዙ እንክብካቤ አይጠይቅም ማለት ነው። ባሕር ዛፍ ለድሃው ማገዶም ቤትም ሆኖታልና አላማርረውም። ነገር ግን እንክብካቤ የማይጠይቀውን ብቻ እየመረጥን ስንተክል፣ ጥበቃ የሚሹት ዝግባው፣ ወይራውና ዋንዛው እየራቁን ሄዱ።

ወደ ልጆቻችን እንመለስ። ሁለት አስቸጋሪ ጉዳዮች አሉ፤ ሳላነሳቸው ማለፍ አልፈልግም።

የመጀመሪያው የክብር ጉዳይ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የተማረውን ይዞ ቤት ይመጣል። አባቱ ፌስታል ከመንገድ ዳር ሲጥል ያየዋል፤ «አባ፣ ቲቸር እዚህ አይጣልም ብላለች» ይላል። አባት ይቆጣል። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ተብሎ ይተረትበታል። እኔም ተቆጥቼ አውቃለሁ። በባህላችን ታናሽ ታላቁን አይገስጽም፤ ይህ ሥርዓት መልካም ነው፣ እንዲፈርስም አልሻም። ስለዚህ መምህራንን የምለምነው ልጆችን በወላጆቻቸው ላይ ሰላይና ዳኛ እንዳያደርጓቸው ነው። «ቤታችሁ ማን ቆሻሻ ይጥላል? እጅ አውጡ» የሚለው ጥያቄ ይቅር። ወላጆችን ደግሞ የምለው፣ እውነት ከሕፃን አፍ ስትወጣም እውነት ናት። ልጁ በአክብሮት ከተናገረ፣ ጎንበስ ብሎ የጣሉትን ማንሳት የአባትነትን ክብር አይቀንስም። ልጁ የዚያን ቀን አባቱን የበለጠ ያከብረዋል። ከመንገድ ላይ ሰውን የሚያውክ ነገር ማንሳት የኢማን ክፍል መሆኑን የተማርን ሰዎች በዚህ ማፈር አይገባንም።

ሁለተኛው የድህነት ጉዳይ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡት ልጆች መካከል እናቷ እንጨት ለቅማ ወይም ከሰል ሸጣ የምታሳድጋት ልጅ አለች። ከነቀምት ወጣ ብሎ ያለው የኮምቶ ደን ለአንዱ ልጅ በሥዕል የሚያየው አረንጓዴ ነው፤ ለሌላዋ የእራቷ ምንጭ ሊሆን ይችላል። መምህሩ «ዛፍ የሚቆርጥ የአገር ጠላት ነው» ሲል ያቺ ልጅ ምን ይሰማታል? እናቷን ትጥላ ወይስ ትምህርቱን? ልጅን በእናቷ ኑሮ ማሳፈር ትልቅ በደል ነው። ዛፍ መቁረጥ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ፣ ሰው ካልቸገረው በቀር ሸክም ተሸክሞ ዳገት እንደማይወጣ፣ አንዱን የቆረጠ ሌላ ተክሎ መጠበቅ እንዳለበት በልክ ማስረዳት ይቻላል። የዚያች ልጅ እናት ስለ እንጨት የምታውቀውን መምህሩ ላያውቀው ይችላል፤ የትኛው ቶሎ ይነዳል፣ የትኛው ከጉቶው ይበቅላል፣ የትኛውስ ከአካባቢው ጠፋ? ጠርቶ ቢጠይቃት ልጅቱም ቀና ትላለች፣ ክፍሉም ይማራል።

በዚህ ላይ «በወለጋ ያለፉት ዓመታት ግጭት ስንቱን ከቤቱ አፈናቅሎ፣ ስንቱን ልጅ ከትምህርት ገበታ አርቆ ሳለ፣ ስለ ችግኝ ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ?» የሚል አለ። ቁስሉ የሁላችንም ነው። እኔ ግን የማስበው በተቃራኒው ነው። ብዙ ነገር ሲፈርስ ያየ ልጅ፣ አንድ ነገር በእጁ ሲጸድቅ ማየት ከሌላው ልጅ ይልቅ ያስፈልገዋል።

ስለ ቆሻሻም አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቻችንን «ቆሻሻ በቅርጫት ጣሉ» ብለን እናስተምራለን። ከቅርጫቱ በኋላ የት እንደሚሄድ ግን አንነግራቸውም። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ቦታ ለብዙ አሥርት ዓመታት የተከመረው የከተማው ቆሻሻ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። ከቤታችን የወጣ ቆሻሻ ከዓለም አይወጣም፤ ከሌላ ሰው ደጃፍ ይደርሳል። ለሕፃን ስለ ሬሳ መተረክ አያስፈልግም። «ይህ ፌስታል ከዚህ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅና የጽዳት ሠራተኛዋን በስሟ እንዲጠሯት ማድረግ ግን ለሰባት ዓመት ልጅም አይከብድም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ ቁጥሩን እንቀንስ። ሃምሳ ልጆች ሃምሳ ችግኝ ተክለው ሃምሳው ከሚደርቅ፣ ሃምሳው ልጆች አምስት ዛፍ ይኑራቸው። አንድ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሊትር ውሃ በሃይላንድ ይዞ ቢመጣ በሳምንት ሃምሳ ሊትር ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ዛፍ አሥር ሊትር ይደርሰዋል ማለት ነው። ፍየል እንዳይበላው በእሾህ ይታጠር፤ ሥሩ በሣር ይሸፈን።

ሁለተኛ፣ የሚተከለው ልጁ በስሙ የሚያውቀው ዛፍ ይሁን። በበከኒሳ ቀሴ ቢያንስ አንድ በከኒሳ ሊኖር ይገባል። አዛውንቶች ይጋበዙና ስለ ዛፉ ይናገሩ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ልጆቹ ይስሙ።

ሦስተኛ፣ መስጊዶቻችንና መድረሳዎቻችን ከዚህ አይቅሩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ፣ በአንድ ሙድ፣ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር እናውቃለን። እኛ ቧንቧ ከፍተን ስናወራ በባልዲ የሚለካ ውሃ ይፈሳል። ልጆች የመጀመሪያውን የውሃ ቁጠባ ትምህርት የሚማሩት ዉዱእ ሲያደርጉ ነው፤ ኡስታዙ በአንድ ኩባያ አድርጎ ያሳያቸው። ከመታጠቢያው የሚፈሰው ውሃ ደግሞ በትንሽ ቦይ ወደ ዛፍ ሥር ቢመራ በደረቁ ወራት በቀን አምስት ጊዜ የሚጠጣ ዛፍ ይኖረናል።

አራተኛ፣ የተከላው ዕለት የተጋበዙት እንግዶች በየካቲት ወር እንደገና ይጋበዙ። ፎቶግራፉ ያን ጊዜ ይነሳ።

ውድ አንባብያን፣ ልጄ ላነሳው ጥያቄ አምና የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር። ከመምህሩ ጋር ተነጋገርን፤ እሱም ሲያሳስበው የኖረ ጉዳይ ኖሮ ደስ አለው። ስድሳ ልጅ ይዞ ብቻውን ምን ያድርግ? ጥቂት ወላጆች ተሰባሰብንና በዚያው በአሮጌው ጉድጓድ አንድ የብሳና ችግኝ ተተከለ፤ አጥሩን እኛ አጠርን። ለልጄም «እንደሚጸድቅ ቃል አልገባልህም፤ ያ የአላህ ነው። ሰኞ ሰኞ አብረን እንደምናጠጣው ግን ቃል እገባልሃለሁ» አልኩት።

ይህን ስጽፍ ዝናቡ ከሄደ ሰነባብቷል፤ መሬቱም መሰንጠቅ ጀምሯል። ሁለት ሰኞ ረስቼ ያስታወሰኝ እሱ ነው። ችግኙ እስካሁን አለ። ለየካቲት ገና ነው፤ ያን ጊዜ ቆጥረን እናያለን፣ ኢንሻ አላህ።

ወላሁ አዕለም።